ከዝርዝሩ ያስወጣሁት ሸለቆ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ኢልሃም ስልኳን ይዛ መጣችና ደጄ ላይ ካለችው በርጩማ ተቀመጠች። ኢልሃም የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ግን ጅግጅጋ ተወልዳ አዲስ አበባ ስለተማረች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። አሁን እዚህ ሐርጌሳ እንግዳ የሚያስጎበኝ ቢሮ ተቀጥራለች።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ሰው የማያውቃቸው፣ ግን ሊታዩ የሚገባቸው ቦታዎች ንገረኝ። በከተማው ዙሪያ። ላስ ጌልን ብቻ እንዳትለኝ፤ የላስ ጌልን የዋሻ ሥዕል ፈረንጁም ያውቀዋል።»

ጅግጅጋ ያደገ ሰው አንቱታ አያውቅም፤ ለምጄዋለሁ።

«ጎብኚው የት አለና ነው?» አልኳት።

«አንተ ቦታውን ንገረኝ፤ ጎብኚውን ለእኔ ተወው።»

እንግዲህ እኔ በዚህ አገር ድንጋይ በጫነ መኪና ላይ ተቀምጬ አሥራ አምስት ዓመት ዞሬያለሁ። መንገዱን በስሙ ሳይሆን ወገቤን በመታኝ ጉድጓድ ነው የማውቀው። ስለዚህ ነገርኳት። አረብሲዮ ሂዱ፣ ወደ ምዕራብ ነው፣ ሩቅ አይደለም። በደረቁ ወንዝ ዳር ሎሚና ዘይቱን ይበቅላል፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሆነ ከመኪና ሳትወርዱ ይሸታችኋል፣ በደረቁ ወራት ከሆነ የምትበሉት አቧራ ነው። በበርበራ መንገድ ዳአርቡዱቅ ላይ ቁሙና የግመል ሥጋ በሩዝ ብሉ። ዝንብ የበዛበትን ቤት አትፍሩ፣ ሾፌር የሌለበትን ቤት ፍሩ። አው በርኸድሌ የሚባለው የቅዱስ ሰው መቃብር ዘንድ ጫማችሁን አውልቃችሁ ዝም በሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ከግንቡ ውጭ ተቀምጬ ያገኘሁትን ጸጥታ ግን ሌላ የትም አላገኘሁም። ቡልሃር ደግሞ ባሕር ዳር የቀረ ፍርስራሽ ነው። ምን አለበት ብትይኝ ነፋስ አለበት። ግን እኔ ትልቅ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ አንድ ቀን ወስደው ቢያሳዩት ጥሩ ነው።

ኢልሃም እየሳቀች ስልኳ ላይ ትመዘግባለች። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነበር፤ ቡናማ ምድር፣ መሐሉ ላይ አንዲት ጠብታ አረንጓዴ።

«ይህን ራሴ ነው ያገኘሁት። ውሃ ሳይኖረው አይቀርም። አሮጌ የመኪና መንገድም ይታያል። ዓርብ ስምንት ሰው ይዘን ልንሄድ ነው።»

ወዲያው አወቅሁት። የሁለቱን ኮረብታ አቀማመጥ፣ ወንዙ የሚታጠፍበትን። ከሰማይ አይቼው አላውቅም፤ ግን አወቅሁት።

«ይህን አውጪው፣» አልኳት።

«ለምን?»

«አውጪው አልኩሽ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ያስቆጣሃል? መሬቱ ያንተ ነው እንዴ?»

ተቀመጪ አልኳት። የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። የሸለቆውን ስም አልጽፍም። ስም ያለው ቦታ ሰው ይጠራዋል።

*

ሐርጌሳ የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከሂርና፣ ከአብሮ አደጌ ከሽመልስ ጋር። ድንበሩን ከጅግጅጋ ወዲያ ባለው በውጫሌ በኩል በእግራችን ተሻገርን። ወረቀት የለን፣ ሶማሊኛ የለን። ሽመልስ ስሙን መጻፍ ይችል ነበር፤ እኔ እሱንም አልችል። ከተማው ከጦርነቱ ገና እየተነሳ ነበር። ጣሪያ የሌለው ግድግዳ በየቦታው ቆሟል፤ ሰዉ ከስደት እየተመለሰ ቤት ይሠራል፤ ቤት ደግሞ ድንጋይ ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ዋሄን ገበያ ጠርዝ ላይ እንቆማለን። ጉልበት የሚፈልግ ይመጣና ክንዳችንን ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ ይወስደናል፤ እንደ በሬ ማለት ነው። አልተቀየምንም። ጠዋት ላሆህ የሚሉትን ስስ ቂጣ በሰሊጥ ዘይት ነክረን በሻይ እንበላለን፤ ከዚያ በቀን ሁለቴ ሩዝ። ሂርና ሳለሁ በቀን ሁለቴ ጠግቤ አላውቅም። ይህን የምናገረው ኋላ ላደረግሁት ነገር ምክንያት ስለሆነ ነው። ምክንያት አልኩ እንጂ ማስተባበያ አላልኩም።

የምንሠራበትን መኪና የሚነዳው ጃማ ነበር። በዕድሜ ከእኛ ብዙ አይበልጥም። ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ ስላደገ አማርኛን የተማረው ከወታደሮች ነው። ሲያመሰግን ይንተባተባል፤ ሲሳደብ ግን እንደ ውሃ ይፈስለታል።

«ስሙኝ፣ እናንተ የሂርና በሬዎች፣» አለን በመጀመሪያው ቀን። «ድንጋይ ባለበት ሁሉ ጩኸት አለ። አንዱ ከቁጥቋጦ ይወጣና የአያቴ መሬት ነው ይላል። ቀርቦ ካናገራችሁ ሰላም በሉት፣ የሻይ እንሰጠዋለን። ከሩቅ ከጮኸ ግን ዝም ብላችሁ ጫኑ። ከሩቅ የሚጮህ ሰው መብት የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ይመጣ ነበር።»

እውነቱን ነበር። በሄድንበት ሁሉ ይጮሁብናል፤ እኛ እየሳቅን እንጭናለን። የድንጋይ ጫኝ ወግ ይኸው ነው።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ያን ጊዜ በከተማው ጥግ ሁሉ መሬት የያዘ ሰው፣ ገዝቶም ይሁን ነጥቆ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሮ ቀለም ይቀባው ነበር። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ያገኘውን። ቀለም የተቀባ ድንጋይ ማለት «ይህ ቦታ ተይዟል» ማለት ነው። ማደሪያ የሌለን ሰዎች ስለነበርን ያን ቀለም ስናይ ደማችን ይፈላል። ሽመልስማ አንዳንዱን በእግሩ እየገፋ ያንከባልለው ነበር።

ወደ ሸለቆው የሄድነው አዲስ ድንጋይ ፍለጋ ነው። ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር፤ ደረቁን ወንዝ አሸዋ ለአሸዋ ተከትሎ፣ ከዚያ በሁለት ኮረብታዎች መሐል ገብቶ። መኪናው ጥጉን ዞር ሲል ጃማ ፍሬን ያዘ። ከአለት ስንጥቅ ውሃ ይወጣል። ወርዶ ወገብ የሚደርስ ኩሬ ይሠራል፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። ዙሪያውን ትልልቅ የሾላ ዛፎች ቆመዋል፤ ፍሬያቸው መሬት ላይ ወድቆ ይሸታል፣ ወፍ ይንጫጫበታል። ሁለት ወር ሙሉ አቧራ የዋጥን ሰዎች ነበርንና ልብሳችንን አውልቀን ገባን። ጃማ ሱሪው ሳይወልቅ ነበር የገባው።

ከውሃው ማዶ ባለው ተዳፋት ላይ አንዲት ደሳሳ ጎጆ ነበረች። የጎጆዋ ባለቤት ሐዎ ትባላለች። እዚህ አገር ታላቅ ሴትን ኤዶ ይላሉ፣ አክስቴ እንደማለት ነው፤ እኛም ኤዶ ሐዎ አልናት። ስልሳ ዓመት ይሆናታል። ሃያ ምናምን ፍየሎችና አንዲት የምትታለብ ግመል አሏት። ባሏ ዓይኑ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። የግመል ወተት በእንጨት ዕቃ አመጣችልን። ዕቃው በፍም የታጠነ ስለነበር ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። ሽመልስ ጎንጨት ብሎ ፊቱን ሲያጨማድድ ሆዷን ይዛ ሳቀችና ለጃማ አንድ ነገር አለችው።

«ይህ ልጅ ጡት የጣለው ገና ትናንት ነው ወይ ትላለች፣» አለ ጃማ።

በሁለተኛውም ጉዟችን ወተት ሰጠችን። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሸለቆ ያለ ቦታ አላየሁም። አንድ ቀን እናቴን አምጥቼ አሳያታለሁ ብዬ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ብዙ ነገር ይላል።

*

ሦስተኛው ጉዟችን ነበር። ጃማ ጠዋት አውርዶን አንድ ጭነት ይዞ ተመለሰ፤ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። እኔና ሽመልስ ከኮረብታው በስተጀርባ ዞረን ከላይ ወደ ታች እየወረድን ድንጋይ እንለቅም ጀመር። መሬቱ ደርቆ ነበርና ዲጂኖው እየነጠረ እጃችንን ላጠው። በዚህ መሐል ሽመልስ ጠራኝ።

«ና እይ! እግዜር አዘጋጅቶልናል።»

ድንጋዮቹ በመስመር ተደርድረዋል። ከላይ ከአንዲት ግራር ይጀምሩና ወደ ኩሬው አቅጣጫ ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው ጥቂት ጥቂት እርምጃ አለ። እያንዳንዱ ባንድ ፊቱ ቀይ፣ በሌላው ነጭ ቀለም ተቀብቷል።

«እዚህም መጡ፣» አለ ሽመልስ። «እዚህ እግዜር በረሳው አገር እንኳ ቦታ ይዘው ቀለም ቀቡ። ይህች ውሃ ነገ የሀብታም መዋኛ ትሆናለች፣ ኤዶ ሐዎም ትባረራለች።»

ሁለታችንም ተናደድን። ደግሞም ድንጋዮቹ ከመሬት የተላቀቁ ናቸው፤ ዲጂኖ አይፈልጉም። ማንሳት ጀመርን።

ሦስተኛውን ስናነሳ ነው ከማዶ ጩኸት የሰማነው። ኤዶ ሐዎ ናት። ከተዳፋቷ ላይ ሆና ሻሿን ከራሷ ገፍፋ ታውለበልባለች፣ ትጮሃለች፣ ጭኗን ትመታለች። ወደ እኛ ግን አትመጣም። ሶማሊኛችን ገና «ውሃ» እና «ስንት ነው» ላይ ነበር።

«እሷም እንደ ሰዉ ሆነች፣» አልኩ እኔ። «ለካ ቦታውን የያዘችው እሷ ናት!»

«ወተቱ ለዚህ ነበራ!» አለ ሽመልስ። ሳቅን። እጃችንን አውለብልበን ሰላም አልናትና እየሳቅን ተሸከምን። ሃያ ስድስት ድንጋይ ነበር። ስትጮህ ቆየችና ፍየሎቿ ወደ ውሃው መውረድ ሲጀምሩ እነሱን እየደበደበች ወደ ላይ፣ ከኮረብታው ወዲያ ነዳቻቸው። እኛ አኩርፋ ሄደች አልን።

ጃማ ሲመጣ ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናብ ቢጥል ወንዙ ይሞላና መውጫ የለንም። ሞተሩን ሳያጠፋ ቶሎ በሉ አለን። ቀለም የተቀቡትን ከሥር፣ ሌላውን ከላይ ጫንን።

«ያቺ ሴትዮ ስትጮህብን ዋለች፣» አልኩት።

«ሁሉም ይጮሃል፣» አለ ጃማ ሰማዩን እያየ።

በማግስቱ ጠዋት ግንባታው ቦታ ስናወርድ ጃማ ሻይ እየጠጣ አጠገባችን ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው ቀይ ድንጋይ ሲወጣ ብርጭቆው ከእጁ አልወደቀም፤ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ይህን ከየት አነሳችሁት?»

ነገርነው። አልተሳደበም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

«ይህ የፈንጂ ምልክት ነው፣» አለ። «ፈንጂ የሚያነሱት ሰዎች ያልጸዳውን ቦታ በዚህ ይከልሉታል። ነጩን ካየህ ደህና ነህ። ቀዩን ካየህ ግን ውስጥ ነህ።»

እኔና ሽመልስ ተያየን። ከላይ ወደ ታች ነበር የወረድነው። ድንጋዮቹን ስናገኛቸው ፊታቸው ቀይ ነበር።

*

ለአሠሪው ጎማ ተንፍሷል ብሎ ዋሽቶ ጃማ ሃያ ስድስቱን ድንጋይ ጭኖ ነዳ። ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ተነጋገርን፤ ሰው ወይም ፍየል ሳይገባበት መድረስ። ግን ማምሻውን የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶታል። ሸለቆው ሊታየን ትንሽ ሲቀር ቆምን። ቀይ ውሃ ግንድና ቆሻሻ እያንከባለለ ያልፋል። ዳር ላይ ተቀመጥን። ጃማ ቁርአን ይቀራል፤ ሽመልስ ስለ ማርያም፣ ስለ ማርያም ይላል። እኔ ጆሮዬን አቁሜ ፍንዳታ እጠብቃለሁ። ውሃው እስኪጎድል ቀትር ሆነ።

ስንደርስ ኤዶ ሐዎ ተዳፋቱ ላይ ቆማ አገኘናት። ልብሷ ረጥቦ ከገላዋ ተጣብቋል። እኛ ከሄድን በኋላ የግራር ቅርንጫፍ እየቆረጠች ድንጋዮቹ በነበሩበት ስትጥል አምሽታለች። ከግራሯ እስከ መሐል ድረስ እሾሁ በመስመር ተጥሏል፤ ከዚያ በታች ግን ባዶ ነው። እጇ ሁሉ ተቧጥጦ ደምቷል። ፍየሎቿን በረት ዘግታባቸዋለች፣ ይጮሃሉ። ጃማ ሰላምታ ሰጠ፤ እሷ ግን የምታየው እኛን ነበር።

«ትናንት ስጮህ ምን ብላችሁ ነው የሳቃችሁት? ትላለች፣» አለን ጃማ።

ሽመልስ አንገቱን ደፋ። እኔ መለስኩ፤ «ቦታዬ ነው የምትል መስሎን ነው በላት።»

ጃማ ነገራት።

«ቦታዬማ ነው፣» አለች።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። እሾሁ ባለበት በኩል ቀላል ነበር፤ እሷ ከፊት እየሄደች በዱላዋ ትጠቁማለች፣ እኛ ነጩን ወደ ውጭ፣ ቀዩን ወደ ውስጥ አድርገን እናስቀምጣለን። አሥራ አራተኛው ላይ ቆመች። ፈንጂ አንሺዎቹ ምልክቱን ሲያስቀምጡ ከኋላቸው እየተከተለች አይታለች፤ ከዚያ በኋላም ቀን በቀን ስለምታልፍበት ለምዳዋለች። እሾሁን የጣለችው ግን ድንጋዮቹ ተኝተውበት የነበረውን ጎድጓዳ እያየች ነው። ከመጨለሙ በፊት እስከዚህ ደረሰች፤ ከዚያ ዝናቡ መጣና ጎድጓዳውን ሁሉ ሞልቶ አለሰለሰው።

«እዚህ ይሁን እዚያ አላውቅም ትላለች፣» አለ ጃማ። «መስመሩ ወደ ውሃው ሲጠጋ ይታጠፍ ነበር። የት ላይ እንደሚታጠፍ ግን አሁን ጠፋባት።»

አሥራ ሁለት ድንጋይ ይዘን ቆምን። እኔም ሽመልስም ስናነሳቸው አላስተዋልንም። ድንጋይ ጫኝ ድንጋዩን ያያል እንጂ ቦታውን አያይም።

«ከተጠራጠርን ማስፋት ነው፣» አለ ጃማ።

አሰፋነው። ከጥርጣሬው ርቀን ስንደረድር፣ ስንደረድር፣ መጨረሻው ድንጋይ ከኩሬው በዚህ በኩል ወደቀ። ሾላዎቹም፣ ስንጥቁም፣ ውሃውም ከቀዩ በኩል ቀሩ። ኤዶ ሐዎ ውሃውን አየችው። ከዚያ ውጭ ያለው ቅርብ ውሃ ለፍየል የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ለዓይነ ስውር ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ።

አላለቀሰችም፣ አልረገመችንም። ብትረግመን ይሻለኝ ነበር። ለጃማ ረጋ ብላ ተናገረች። «ከተማ ላሉት ሰዎች ንገሯቸው። መጥተው እንደገና ይለኩት። ያኔ ውሃው ይመለስልኛል።»

እንነግራለን አልን።

*

ለመንገር የፈንጂ አንሺዎቹ ቢሮ ሩቅ አልነበረም። ከምንሠራበት በእግር ይደረሳል። ጃማ በመንገድ ላይ እንዲህ አለን፤ «ማን አነሳው ብለው ይጠይቃሉ። እኔ መንጃ ፈቃዴን ልጣ። እናንተን ግን ወረቀት ስለሌላችሁ በመጣችሁበት ይመልሷችኋል።»

«ይመልሱን፣» አለ ሽመልስ። «ሴትዮዋ ውሃ የላትም።»

«እኔ አልሄድም፣» አልኩ። «እናንተም አትሄዱም።»

«ለምን?»

«ሂርና አልመለስም።»

ሽመልስ ረጅም ጊዜ አየኝ። እናቱን የቀበርንለት ጊዜ እንዲህ ነበር ያየኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ያልኩት ነው የሚሆነው፤ ዝም አለ። ጃማም ዝም ማለቱ ተመቸው። እንዲህ ቀላል ነበር። ሰው ክፉ ነገር ለመሥራት ብዙ መምከር ያለበት ይመስለዋል፤ እኛ አንድ ሻይ እስኪቀዘቅዝ አልፈጀብንም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ዋሄን ውስጥ አየኋት። ፍየል ከሚሸጥበት ጥግ ተቀምጣ አራት ፍየሎች ይዛለች፤ አጥንታቸው ይቆጠራል። ዞር ልል ስል በእጇ ጠራችኝ። ያን ጊዜ ሶማሊኛዬ ተሻሽሎ ነበር፤ ባይሻሻል ደስ ይለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ነገራችኋቸው?» አለችኝ።

«ነግረናቸዋል ኤዶ። ይመጣሉ።»

«መቼ አሉ?»

«በቅርብ።»

ፊቷ በራ። ከጎጆዋ ነቅላ ከሸለቆው አፍ ላይ፣ ሲመጡ እንድታያቸው ካንድ ዛፍ ሥር መስፈሯን ነገረችኝ። ሌሎች እረኞች ወደ ሩቁ ውሃ ሂጂ ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን ሰዎቹ ሲመጡ መስመሩን የሚያሳያቸው ያስፈልጋል ብላ ቀርታለች። «አላህ ይስጥህ፣» አለችኝ።

ጅላል የሚሉት ደረቁ ወቅት ገባ። ጃማ በዚያ በኩል ያለፈ አንድ ሾፌር የነገረውን ነገረኝ። ከሸለቆው አፍ ላይ አንዲት ሴትና አንድ ዓይነ ስውር ተቀምጠዋል አለ፤ ፍየል የላቸውም፣ ግመሏም ሞታለች፤ የጭነት መኪና በሰሙ ቁጥር ሴትዮዋ ትነሳለች። ሽመልስ ይህን በሰማ በሳምንቱ በርበራ ወርዶ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ። አልተሰናበተኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የሰማሁት የለም።

እኔ ግን እዚሁ ኖርኩ። ሩዜን በላሁ። በሠላሳ አራት ዓመቴ አንዲት ልብስ ሰፊ ያገሬ ልጅ የእኛንም የፈረንጁንም ፊደል አስቆጠረችኝ፤ ገብቶኝ ማንበብ ስጀምር ያንን ቢሮ ፈልጌ ሄድኩ። ፍራሽ መሸጫ ሆኗል። ሰዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ከሄዱ ቆይተዋል አሉኝ። መማር ዓይን ያበራል ይላሉ። ለእኔ ያበራልኝ የፍራሽ ቤት ታፔላ ነው።

*

ኢልሃም ይህን ሁሉ ስትሰማ ስልኳ ጭኗ ላይ ጠፍቶ ነበር። ውጭ የጎረቤት ጄኔሬተር ይንጓጓል።

«ጋሼ፣ አሁን ፈንጂ አለ ወይስ የለም?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

እውነቴን ነው። እኔና ሽመልስ ውስጡ ገብተን ሃያ ስድስት ድንጋይ ተሸክመን ወጥተናል፤ ምንም አልነካንም። ምናልባት ውሃው አጠገብ አንድም ኖሮ አያውቅም። ምናልባት ኤዶ ሐዎ በቆመችበት ሆና ያን ኩሬ ጎንበስ ብላ መጠጣት ትችል ነበር። ሰዎች ሕሊና በጊዜ ይተኛል ይላሉ። አይተኛም፤ እያረጀ ሲሄድ እንቅልፍ የሚያጣው ሰው ብቻ አይደለም። ቦታው እንደሆነ ይኸው በስልክ ላይ አረንጓዴ ነው። ከዚህ አገር አንድ ቦታ እዩ ብባል የምለው እሱን ነው። እንዳይታይ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ኢልሃም ሸለቆውን ከዝርዝሯ አጠፋችው። ቆይታ ግን ወጣትነቷ አላስችላት አለ።

«ዛሬም ይህን የሚከታተል ክፍል አለ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ስምህን አልጠራም። ግን መስመሩን የሚያሳይ ሰው ይጠይቁኛል። አንተ ታሳያለህ?»

«አልችልም። አላውቀውም።»

«ሾፌሩስ?»

«ጃማ አሁን አሕመድ ዳጋህ የሚባለው ሰፈር ጎማ ይሸጣል። እሱም አያውቀው።»

«ታዲያ የሚያውቅ ሰው የለም?»

«ኤዶ ሐዎ ታውቃለች። ከግራሯ ጀምሮ እስከ አሥራ አራተኛው ድንጋይ ድረስ። ምናልባት ጊዜ ስታገኝ የታጠፈበትም ትዝ ብሏት ይሆናል።»

«በሕይወት አለች? የት ናት?»

ኢልሃም ትጠብቃለች። ቢሮውን ፈልጌ ነበር፤ በር ለበር ጠይቄ፣ አንድ ሙሉ ቀን። ሽመልስን ከየመን የተመለሰ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጠይቄያለሁ። እሷ ግን ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነበረች፤ መንገዱንም አውቀው ነበር፤ የምሳፈርበት መኪናም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ፈልጌያት አላውቅም።